ከጃፓናዊቷ ምራቴ ጋር ያለ አስተርጓሚ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ልጄ ሚኪያስ አጎቱን ሊጠይቅ ጫጫ ሄደና እኔንና ሚስቱን ብቻችንን ጥሎን ጠፋ። ምራቴ ሃሩካ ጃፓናዊት ናት። እሷ አማርኛ አትችል፣ እኔ ጃፓንኛ አልችል... አስተርጓሚያችን ደግሞ ሚኒባስ ላይ!

«እማዬ፣ በምግብ እንዳታስጨንቂያት» ብሎኝ ነው የወጣው።

ደብረ ብርሃን ከገቡ ሳምንት ሊሞላቸው ነው። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ጨዋነቷ ግን በዛብኝ። ተቀመጪ ካልተባለች አትቀመጥ፣ ውሃ ሲጠማት እንኳ ተነስታ አትቀዳ፣ ለሁሉም ነገር እጅ መንሳት ብቻ። ሰሞኑን ደግሞ ይሄዳሉ... እና ሆዴን የሚያባባው ምን መሰላችሁ? እንግዳ ሆና መጥታ እንግዳ እንደሆነች ልትሄድብኝ ነው።

ሚኪያስ እንደወጣ እሷ መላ አመጣች። ልታስተምረኝ! ብርጭቆ አንስታ ደረቷ ላይ አስጠጋችና «ኮሬ» አለች። ብርጭቆውን እኔ ፊት አስቀምጣ «ሶሬ»። በመስኮቱ ማዶ ያለውን ባሕር ዛፍ አሳየችኝና «አሬ»። ገባኝ! የእኛ «ይሄ» እና «ያ» እነሱ ጋ ሦስት ናቸው። ለተናጋሪው የቀረበው ኮሬ፣ ለሰሚው የቀረበው ሶሬ፣ ከሁለቱም የራቀው አሬ። እኔም እኮ አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩ ሰው ነኝ!

ከዚያ ፈተናው መጣ። እኔ ፊት ያለውን የገብስ ጭኮ እያመለከተች «ሶሬ ዋ ናን ዴስ ካ?» አለች። «እሱ ምንድን ነው?» ማለቷ ነው። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር... ግን እናንተዬ፣ እንግዳ ምግብ አይታ «ምንድን ነው?» ስትል ቁጭ ብሎ መልስ የሚሰጥ ማን ነው? ሳህኑን ወደ እሷ ገፋሁት።

«ብይ የኔ ልጅ!»

ሳቅ አለችና ወደ ቦታው መለሰችው። ይሉኝታ ይዟት ነው ብዬ «በሞቴ!» እያልኩ መልሼ ገፋሁት። ስለ ዳቦው ጠየቀች... ዳቦውም ሄደ። ከአንኮበር የመጣው ማር፣ ቆሎው... ተከታትለው ተሰደዱ። በመጨረሻ እሷ ፊት ድግስ፣ እኔ ፊት ባዶ ጠረጴዛ! ኮሬ የምለው ነገር አጣሁ።

ሃሩካ ጭንቅላቷን ያዘች። ደነገጥኩ። በቃ፣ አስቀየምኳት! ሚኪያስ ጋ ደውላ የሆነውን ካወራችው በኋላ ስልኩን ሰጠችኝ።

«እማዬ» አለኝ በሳቅ እየሞተ፣ «ርቧት እኮ አይደለም፤ ፈተና ላይ ነሽ! አንድ ነገር አንቺ ጋ ይቅር እንጂ።»

«እንግዳ ተቀምጣ እኔ ጋ ምን ይቀራል፣ አንተ?» አልኩት።

ስልኩን ስመልስላት ይህንኑ ተረጎመላት መሰለኝ፣ ሰማችውና ዘጋች። ከዚያ ብድግ ብላ... ቀጥ ብላ ጓዳዬ ገባች! ከሳሎንና ከመኝታ ቤት ውጪ እግሯን አንስታ የማታውቅ ልጅ! መሳቢያ ስትከፍት፣ ዕቃ ስታንኳኳ ይሰማኛል። እኛ ዘንድ ሰው ጓዳ ሳይጠየቅ የሚገባው ቤቱ ሲሆን ነው። እንዳላስደነግጣት ብዬ ትንፋሼን ይዤ ተቀመጥኩ።

ሳህንና ቢላዋ ይዛ ወጣች። ዳቦውን ቆረጠች፣ ማር ቀባችበትና እኔ ፊት አስቀመጠችው። ልገፋው እጄን ስሰድ ለቀም አድርጋ ያዘችኝና ቆጣ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ምራቴ ተቆጣችኝ! ደስታዬን አትጠይቁኝ።

«ሶሬ ዋ ናን ዴስ ካ?»

«ኮሬ ዋ... ዳቦ ዴስ!»

እሷ አጨበጨበች፣ እኔ እልል አልኩ።

አመሻሽ ላይ ሚኪያስ ሲመለስ «እሺ እማዬ፣ ፈተናው እንዴት ሆነ?» አለኝ።

«እኔ አልፌያለሁ... ሚስትህ ግን በእንግድነት ወድቃለች» አልኩት።