ከአማቱ የዞረ ወንበር

ኔቪል የእህቴ ባል ነበር። እህቴ ከሞተች ወዲህ ስሟን አንጠራም፤ በእኛ በበረሃው ነባር ሕዝብ ዘንድ የሞተ ሰው ስም እንዲያርፍ ይተዋል። እሱን ግን ዛሬም «ባሌ» እያልኩ አሾፍበታለሁ፣ የእህት ባል እንዲያ ነው የሚባለው። ድሮ «እንግዲያው ምሳዬን አምጪ» ይለኝ ነበር። እሷ ከሄደች በኋላ ፈገግ ብሎ ያልፈኛል። የኖሩበትን ቤት እንደ ወጉ ለቆ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ውስጥ ከውሻው ጋር ገባ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ውሻውን ሲያጫውት እሰማዋለሁ። አንጀቴን ይበላኛል።

ሥራው ማስተማር ነው። እሱ ልጆቹን በራሳችን ቋንቋ ያስተምራል፣ ከከተማ የምትላክ ነጭ አስተማሪ ደግሞ እንግሊዝኛውን ትይዛለች። የሚላኩት አይበረክቱም፤ ሙቀቱና አቧራው ያባርራቸዋል። ቴሳ ስትመጣም ይቺ ደግሞ ስንት ቀን ልትቆይ ነው ብዬ ነበር። ተሳሳትኩ። ማን ከማን ፊት ለፊት መቀመጥ እንደሌለበት ኔቪልን ትጠይቀዋለች፣ ምንጣፍ ዛፍ ስር አውጥታ ታነጥፋለች፣ ልጆቹ በቋንቋቸው ሲንጫጩ አትቆጣም። ክፍሉ ሞላ። በእረፍት ሰዓት ሁለቱ በትምህርት ቤቱ የፊት ለፊት ደረጃ ላይ ሻይ ይዘው ይቀመጣሉ፤ እሷ ስለ እናቷ፣ እሱ ስለ እግር ኳስ። እህቴን ከቀበርን ወዲያ ኔቪል ሲስቅ የሰማሁት እዚያ ደረጃ ላይ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ልጆቹን ይዘን የዱር ድንች ልንቆፍር በረሃ ወጣን። አርጃኖ ጠብሰን ስንበላ አያታችን ሎርና አስተማሪዋን እጇን ያዙና «ይቺ ልጅ ብቻዋን ስታለቅስ አይቻታለሁ። ሰው ያለ ዘመድ እንዴት ይኖራል? ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ናት፤ ናፓናንካ በሏት» አሉ። የእሳቸው ሴት ልጆች በሙሉ በትውልድ የሚይዙት ስም ነው፣ እናቴም ናፓናንካ ነበረች። ሁላችንም አጨበጨብን። ቴሳ እንባዋ መጣ።

ኔቪል ፈንጠር ብሎ የመኪና ጎማ እየቀየረ ነበር። «ናፓናንካ» የሚለውን ሲሰማ መፍቻውን አስቀመጠ፣ ኮፍያውን ወደ ፊቱ ሳበ፣ ወደ ቤት በእግሩ ሄደ። ያኔ ነው ምን እንዳደረግን የገባኝ። በወጋችን የእናት እህት እናት ናት፤ የእኔና የእህቴ እናት ከሆነች እኮ ለእሱ አማቱ ናት። አማቱን ደግሞ እኛ ዘንድ ሰው ለክብሯ ሲል ፊት ለፊት አያይም፣ አያናግርም፣ አብሮ አይቀመጥም።

በማግስቱ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ አስተማረ። በእረፍት በጓሮው ደረጃ ሻዩን ብቻውን ጠጣ። ቴሳ ዓይኗ ቀልቶ እኔ ዘንድ መጣች።

«ኔቪልን ምን አስቀየምኩት?»

«ምንም። አማቱ ሆንሽ።»

ልትስቅ አለችና ተወችው። «እኔ? በዚህ ዕድሜዬ?»

«እኔስ በዚህ ሽበቴ እማዬ ልልሽ አይደል?» አልኳት። ሲገባት ጊዜ ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች።

ወደ እሱ ሄድኩ። ተናድጄ ነበር።

«አንተ ባሌ፣ ነጭ ናት እኮ። ለእሷ ይቅርባት።»

«ይቅርባት ካልን፣ ዘመዳችን ናት ያልነው ለቀልድ ነው። ልጆቹ እያዩ ነው።»

«የምታወራው ሰው ሌላ የለህም።»

«አውቃለሁ» አለ። ውሻውን መደባበሱን ቀጠለ።

አያታችን ሎርና ዘንድም ሄጄ ስሟን ይለውጡላት አልኳቸው። «ልጅ ሸሚዝ ነው እንዴ የሚለወጥ?» ብለው አባረሩኝ። ቴሳም ብትሆን፣ ሌላ ስም ትፈልጊያለሽ ወይ ብላት አይ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷም ጀርባዋን ሰጥታው ማስተማር ጀመረች። ልጆቹ በመሃላቸው መልእክት ማመላለሱ ኩራት ሆነባቸው። ትምህርቱ ምንም አልጎደለበትም፤ የጎደለው በእረፍት ሰዓት ነው። እሷ በፊት ደረጃ፣ እሱ በጓሮ ደረጃ።

አንድ ቀን ኔቪል ድምፁን ከፍ አድርጎ ውሻውን «ትናንት በኳስ ተዋረድን አይደል?» ሲለው ሰማሁ። ውሻው ዞሮ የፊት ደረጃው ጋ ሲደርስ ቴሳም «ምን ይደረግ፣ በረኛችሁ ተኝቶ ነው እኮ» አለችው፣ ለውሻው። ኔቪል ሻዩ ትን አለው። ከዚያ በኋላ ወሬያቸው ሁሉ በውሻው በኩል ሆነ። ጥቂት ነበር። ግን ነበር።

ኋላ የቴሳ ወላጅ እናት ታመመችና ልትሄድ ሆነ። መኪናው ሲመጣ ሁላችን አቅፈን ሸኘናት። ኔቪል ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ነበር። መንገዱ በእሱ አጠገብ ነው የሚያልፈው። ቴሳ ማንም ሳይነግራት ኮፍያዋን ወደ ፊቷ ስባ፣ ሻንጣዋን እየጎተተች ትምህርት ቤቱን በሙሉ ዞራ በሌላ በኩል ወደ መኪናው ሄደች። ኔቪል የሻንጣው ድምፅ እስኪጠፋ አዳመጠ። ፊቱ በእንባ ርሶ ነበር።

«አየሽ» አለኝ፣ «የእውነት ዘመዳችን ነበረች።»

አሁን ሌላ አስተማሪ መጥታለች፤ ተጫዋች ናት፣ ስምም ገና አልተሰጣትም። ፊት ለፊት ደረጃው ላይ ብትቀመጥ ሊያናግራት ይችላል።

«ባሌ፣ ቴሳ ሄደች እኮ፣ ወደ ፊት ለፊቱ ና» አልኩት።

«አማቴ የተቀመጠችበት ነው» አለኝ።

ዛሬም በጓሮው ደረጃ ሆኖ ስለ ኳሱ ለውሻው ይነግረዋል። ውሻው ተነስቶ ይዞራል፣ ፊት ለፊቱ ደረጃ ጋ ይደርሳል፣ ትንሽ ቆሞ ያሸታል፣ ተመልሶ ይመጣል።

«ምን አለች?» ይለዋል ኔቪል።