ጨው በረከተ

ዛሬ መንገድ ሊዘጋ ነው ሲባል ሰምቼ፣ ከከሚሴ ገበያ ዘይት፣ ክብሪት፣ የልብስ ሳሙናና አንድ ከረጢት ጨው በባጃጅ ጭኜ ገባሁ። ፈርቼ አይደለም፤ ጓዳ መሙላት ከአክስቴ ከዘሃራ የወረስኩት ነው። የሳሙናው ሽታ ራሱ የእሷን ጓዳ ያስታውሰኛል።

ያሳደገችኝ እሷ ናት። በቤቷ «አለቀ» ማለት ክልክል ነበር። ያለቀ ነገር «በረከተ» ነው የሚባለው።

አንድ ክረምት መንገድ ተዘግቶ ጨው ከገበያ ጠፋ። ለእኛ የቀረን አክስቴ ከባቲ ገዝታ ማሽላው ውስጥ የቀበረችው አንድ ጣሳ ጨው ብቻ ነበር። ከአዲስ አበባ ተዛውራ የመጣች ጎረቤታችን፣ አስተማሪ ናት፣ ስኒ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ጨው አላችሁ?»

«በረከተ!» አልኳት፣ ለጣሳዋ ሰስቼ አልቋል ማለቴ ነበር።

«እሰይ! እንግዲያው ለእኔም» ብላ ስኒውን ዘረጋች።

ክው አልኩ። አክስቴ ከጓሮ ሰምታ ኖሮ እየሳቀች ገባች።

«በረከተ ካልሽ ስጫታ!»

እጄን እስከ ክርኔ ቀዝቃዛው ማሽላ ውስጥ ከትቼ ጣሳውን አወጣሁ። አክስቴ «ቢስሚላሂ» ብላ ስኒውን ጢም አድርጋ ሞላችላት።

ሴትዮዋ ስትሄድ አክስቴን «ቢያልቅብንስ?» አልኳት።

«አፍሽን! ‹ቢበረክትብንስ› በይ።»

የዛሬውን ከረጢት ገና ሳልፈታ ልጄ ከደጅ ጠራችኝ።

«እማ፣ ጎረቤት መጥታ ጨው አላችሁ ወይ ትላለች!»

«በረከተ በያት» አልኩና የከረጢቱን አፍ መፍታት ጀመርኩ።