ሲስተር ታቢታና የኮምቢዋ ፍሪጅ

ሲስተር ታቢታን ያወቅኋት በ1976 ዓ.ም. አዋሳ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ በጤና ረዳትነት ተመድቤ ስመጣ ነው። ረዘም ያለች፣ ከሲታ፣ ለተጠየቀችው ነገር ወዲያው የማትመልስ ሴት ነበረች። የይርጋለም ልጅ ናት፤ ነርስነቱን የተማረችው ሚስዮኖች ዘንድ ነው። ባል እንደነበራት ሰምቻለሁ። ምን እንደደረሰበት ግን የነገረኝ ሰው የለም። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም።

የዚያን ዓመት ትልቁ ችግራችን በረዶ ነበር። የክትባት መድኃኒት ከቀዝቃዛ ቦታ ከወጣ ከውሃ አይሻልም። በበረዶ ሳጥን ይዘነው ከከተማ ውጭ ቱላ ደርሰን፣ እናቶች ከእርሻና ከገበያ እስኪሰበሰቡ ድረስ በረዶው ይቀልጣል። የተረፈውን ደፍተን እንመለሳለን። ኃላፊያችን ለበላይ አካል ሲያመለክቱ ከርመው አንድ ጠዋት፣ "መኪና ተገኘ፤ ያውም ፍሪጅ ያለው!" ብለው በደስታ ጠሩን።

ግቢው ውስጥ የቆመችው ከላይ ነጭ፣ ከታች ሰማያዊ የሆነች ቮልስዋገን ኮምቢ ነበረች። ውስጧ እንደ ቤት ነው፤ የሚታጠፍ አልጋ፣ ትንሽ ቁም ሣጥን፣ ከበሩ አጠገብ ደግሞ ከሻንጣ ብዙም የማይበልጥ ፍሪጅ። ሾፌሩ ወልደጻድቅ ከጦር ሜዳ ቆስሎ የተሰናበተ ሰው ነው። ማብሪያውን ሲጫነው ፍሪጁ ተንቀጥቅጦ ማጉረምረም ጀመረ።

"ሞተሩ ጠፍቶ እንኳ ይሠራል!" አለ ወልደጻድቅ። "ኃይሉን ከየት ነው የሚያገኘው?"

ሲስተር ታቢታ በረንዳው ላይ ቆማ ነበር። ሁላችንም መኪናዋን ስንከብ እሷ ብቻዋን ቀርታለች። በመጨረሻ ቀስ ብላ መጣችና ጎንበስ ብላ ገባች፤ ማንም ሳያሳያት የአልጋውን ሥር መዝጊያ በጣቷ ፈልጋ ከፈተችው። ከሥሩ ሌላ ባትሪ ተቀምጧል። ከእሱ የሚወጡት ወፍራም ሽቦዎች በሰም በተነከረ ክር፣ ልክ ጫማ ሰፊ እንደሚያስረው፣ ጥብቅ ተደርገው ታስረዋል።

"እንዴት አወቅሽ?" አላት ወልደጻድቅ።

"ባሌ ነው የሠራው" አለች። ክሩን በጣቷ ነካ አድርጋ መዝጊያውን መልሳ ገጠመችውና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ታሪኩን ቀስ በቀስ ነው የነገረችኝ፤ አንዳንዱን መንገድ ላይ፣ አንዳንዱን መርፌ ስንቀቅል። ባሏ ሽበሺ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነበር፤ አሁን ባህል አዳራሽ በሚባለው ሰፈር ትንሽ ጋራዥ ነበረችው። ኮምቢዋ የሁለት ነጮች፣ የባልና ሚስት መምህራን ነበረች። እረፍት ባገኙ ቁጥር ሐይቅ ለሐይቅ እየዞሩ ዓሣ ያጠምዱባታል። አንድ ጊዜ ላንጋኖ አድረው ሊመለሱ ሲነሱ መኪናዋ አልነሳ አለች። ፍሪጁን ከማስነሻው ባትሪ ጋር አያይዘውት ኖሮ ሲመጠው አድሯል። የአካባቢው ሰው ገፍቶ አስነሳላቸው። ቀጥታ ሽበሺ ዘንድ መጡ።

ሽበሺ ለፍሪጁ የራሱን ባትሪ ሰጠው። በሁለቱ ባትሪዎች መሃል ሪሌ የሚሉትን መለያ አስገባ፤ ሞተሩ ሲነሳ ዲናሞው ሁለቱንም ይሞላል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ሪሌው ይለያያቸዋል፣ የማስነሻው ባትሪ አይነካም። ወፍራም ኬብል ዘረጋ፣ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ አደረገ። ቴፕ በሙቀት ይላቀቃል ብሎ ስለሚያምን ሽቦውን በክር አሰረው። "ያን ክር በጥርሱ እየሳበ ሲያጠብቅ ከንፈሩ ይቆረጥ ነበር" አለችኝ። እንዲህ ስትል ፈገግ ያለች መሰለኝ።

አብዮቱ ሲግም ነጮቹ በጥድፊያ ወጡ። መኪናዋን "እስክንመለስ" ብለው ሽበሺ ዘንድ አቆሟት። አልተመለሱም። በ1970 የቀበሌ ጠባቂዎች መጥተው መኪናዋንም ሽበሺንም ወሰዱ። ጥፋቱ የፈረንጅ ንብረት መደበቅ ነው ተባለ፤ በኋላ ደግሞ ሰላይ ነው አሉት። ታቢታ በየቀኑ ምግብ ታመላልስ ነበር። አንድ ቀን በር ላይ የነበረው ጠባቂ ሳህኑን እንደተሸፈነ መለሰላትና፣ "ከእንግዲህ አታምጪ" አላት። ሌላ ቃል አልጨመረም። ምን ማለት እንደሆነ በከተማው የማያውቅ አልነበረም። ሬሳ አልተሰጣትም፤ ማልቀስም ክልክል ነበር። ጎረቤት እንኳ ደጇን ሲያልፍ ፊቱን ያዞር ነበር።

ያቺው መኪና ናት እንግዲህ ለክትባት የተሰጠችን።

ታቢታ ሁልጊዜ ከኋላ፣ ከፍሪጁ አጠገብ ትቀመጣለች። ከፊት ቦታ ቢኖርም አትመጣም። ሞተሩ ሲጠፋ ጆሮዋን ወደ ፍሪጁ ዘንበል አድርጋ፣ "ዛሬ ድምፁ ደከመ፤ የባትሪውን ውሃ እይልኝ" ትለዋለች ወልደጻድቅን። ከፍተን ስናየው እውነትም ውሃው ወርዶ ይገኛል። አንድ ቀን ግን፣ "ሰው ሲተነፍስ አይመስልህም?" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያ ድምፅ ለእኔም ድምፅ ብቻ አልሆነልኝም፤ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው ያለ እየመሰለኝ ዞር ዞር ማለት ጀመርኩ።

በኮምቢዋ ለመጀመሪያ ቀን ቱላ ስንደርስ ሰው አልነበረም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሕዝቡን ጠርቻለሁ ብሎናል፤ ጥላ ሥር ያለው አግዳሚ ግን ባዶ ነው። አንዲት እናት ልጇን አዝላ በመንገዱ ስትመጣ አየን። መኪናዋን ስታይ ቆመች፤ ከዚያ ዞራ ወደ እንሰቱ ውስጥ ሮጠች። በሚቀጥለው ሳምንትም እንደዚያው ሆነ። ሌላው መንደር ቡሹሎ ስንሄድ ደግሞ በሮች ሲዘጉ በጆሯችን ሰማን።

"መርፌ ያመክናል የሚል ወሬ ነው" አለ ወልደጻድቅ።

እኔም እንደሱ ነበር ያሰብኩት። ፍሪጃችን ሙሉ መድኃኒት ይዘን ሄደን ሙሉውን ይዘን እንመለሳለን። በዚያ መሃል ኩፍኝ ገባ። አንድ ጠዋት ቱላ ስንደርስ ትንንሽ መቃብሮች አየን፤ አፈሩ ገና እርጥብ ነው። ታቢታ ከመኪናዋ ወርዳ እያንዳንዱ አጠገብ ቆመች። ፍሪጁ ከኋላችን ያጉረመርማል፤ መድኃኒቱ እንደቀዘቀዘ ነው።

አቶ ሙሴ የመጡት ያን ቀን ነው። በምርኩዝ የሚሄዱ ሽማግሌ ናቸው። ወደ መኪናዋ አልቀረቡም። ከራቀው ዛፍ ሥር ቆመው ታቢታን በእጃቸው ጠሯት። እኔም ተከተልኳት። በሲዳምኛ ጀመሩና እኔን ሲያዩ ወደ አማርኛ ዞሩ።

"ልጄ፣ መድኃኒትሽን አንጠላም" አሏት። "ይቺን መኪና ነው የምንፈራው። በዚያን ጊዜ ሰው ትወስድ ነበር። የወሰደችውን አትመልስም።"

"ማን ነገረዎት አባባ?"

"ማንም አልነገረኝም። ውስጧ ነበርኩ።"

ሽማግሌው ቀጠሉ፤ ታስረው እንደነበር፣ አንድ ማለዳ ከሌሎች ጋር እጃቸውን ታስረው እዚህች መኪና ላይ እንደተጫኑ፣ አንድ ጠባቂ የመንደራቸው ልጅ ስለነበር መንገድ ላይ ገፍቶ እንዳወረዳቸው።

"ከኛ ጋር አንድ መካኒክ ነበር" አሉ። "ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ሌሎቹን ሲጠብቅ ያ ሳጥን ያጉረመርማል። መካኒኩ ምን አለ መሰለሽ? 'ወንድሜ፣ ፍሪጁን አጥፋው፤ ባዶውን እየሠራ ባትሪውን ይገድለዋል' አለው ጠባቂውን። ጠባቂው ሳቀበት። እኔ ግን ይኸው እስከዛሬ አልረሳሁትም። ወዴት እንደምንሄድ እያወቀ እኮ ነው።"

"ከንፈሩ ላይ ጠባሳ ነበረው?" አለች ታቢታ። ድምፅዋ ጨርሶ አልተለወጠም።

አቶ ሙሴ ጠጋ ብለው አዩዋት። "ነበረው። ምንሽ ነበር?"

"ባሌ ነው።"

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ፣ እሳቸው ከወረዱ በኋላ መኪናዋ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው የባሕር ዛፍ ጫካ ስትታጠፍ እንዳዩ፣ ብዙም ሳትቆይ ባዶዋን እንደተመለሰች በአጭሩ ነገሯት።

ስንመለስ ታቢታ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊት ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ወልደጻድቅ ምን እንደተባለ ስለማያውቅ ስለ ጎማ ያወራል። ጤና ጣቢያ እንደደረስን በቀጥታ ኃላፊያችን ቢሮ ገባች።

"ፍሪጁንና ባትሪውን አወጣቸዋለሁ" አለቻቸው። "በጋሪ እንጭነዋለን።"

"የመንግሥት ንብረት ነው፣ ሲስተር! ደህና መኪና እያለ በጋሪ? ሰው ምን ይለኛል?"

"ሰው ከመኪናዋ ይሸሻል። እኔም አልሳፈርባትም። ሕፃናት እየሞቱ ነው።"

ኃላፊው መስኮቱን አዩ፣ ከዚያ ጠረጴዛቸውን። እሳቸውም የከተማው ሰው ናቸው፤ ያቺን መኪና ሳያውቋት አልቀሩም። "እኔ አላየሁም" አሉ በመጨረሻ።

ወልደጻድቅ ሽቦውን በፒንሳ ሊቆርጥ ሲል ታቢታ እጁን ያዘችው። ክሩን ራሷ ቋጠሮ በቋጠሮ ፈታችው። ብዙ ጊዜ ወሰደባት፤ ሰሙ ደርቋል። እኛ ከውጭ ቆመን ጠበቅናት። ስትወጣ ክሩን በመዳፏ ጠቅልላ ይዛ ነበር።

ጋሪው የከተማችን ባለጋሪ የሙህዲን ነበር። "አሲዱ ፈሶ ፈረሴን ቢያቃጥልብኝስ?" ብሎ አስቸገረን። ባትሪውን ጥልቅ የእንጨት ሳጥን ውስጥ አስቀመጥነው፣ ዙሪያውን ጭድ ጠቀጠቅን፣ ፍሪጁን በፍራሽ ላይ አሰርነው። ባትሪው ከአንድ ጋራዥ በመብራት ተሞልቶ ይመጣል፤ ክዳኑን ቶሎ ቶሎ ካልከፈትነውና ፍሪጁ ጥላ ካገኘ ሄደን እስክንመለስ ይበቃናል። መንገዱ ሲያንገጫግጨው ፊውዙ እየወለቀ አስቸግሮናል። ታቢታ በየጊዜው፣ "ሙህዲን፣ ቁም" ትልና ታዳምጣለች።

ቱላ ስንደርስ ልጆች ፈረሱን ሊያዩ ተሰበሰቡ። አቶ ሙሴ የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ከሁሉም ቀድመው መጡ። ከዚያ እናቶቹ አንድ በአንድ ከእንሰቱ ውስጥ ወጡ። ያቺ የሮጠችውም መጣች፤ ያኔ ያዘለችው ልጅ ግን አልነበረም፤ ታላቁን በእጁ ይዛ ነው የመጣችው። ታቢታ የልጁን እጅጌ ጠቅልላ መርፌውን አዘጋጀች።

በዚያው ሰሞን ታቢታ ደጇ ላይ ድንኳን አስተከለች። ጥቁር ለብሳ ተቀመጠች። የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች፣ መጀመሪያ በፍርሃት፣ በኋላ እየበዙ መጡ። የቀበሌው ሰው ሲመጣ እኔ እዚያው ነበርኩ።

"ለማን ነው ድንኳኑ?" አለ።

"ለባሌ።"

"መቼ ነው የሞተው?"

"እሱን እናንተ ታውቃላችሁ" አለችው።

ከዚያ አንዲት ሴት ወንበር ሳበችለት። ተቀመጠ፤ ጥቂት ቆይቶም ተነስቶ ወጣ። ለምን እንዳላሳሰራት እስከ ዛሬ አላውቅም። ታቢታ ያን ቀን ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች፤ ስንት ዓመት የታመቀ ልቅሶ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰማው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ የባሕር ዛፉ ሥር ተቆፈረ። የተገኘው አጥንት የማን የማን እንደሆነ የሚለይ አልነበረም። ቤተሰቦቹ ተስማምተው በአንድነት ቀበሩት፤ ታቢታም ከእነሱ ጋር ቆማ አፈር አለበሰች። ኮምቢዋ ግቢያችን ውስጥ ጎማዋ ተንፍሶ፣ ሣር በሥሯ አድጎ ነበር። በጨረታ ሲወስዷት ታቢታ ፈቃድ ጠይቃ ቤቷ ዋለች።

አሁን ጡረታ ወጥታለች፤ የምትኖረው ቱላ ከእህቷ ልጆች ጋር ነው። ሐዋሳ ገበያ ስትመጣ ሚኒባስ ታክሲ አትሳፈርም። ጥላዋን ዘርግታ በእግሯ ነው የምትመጣው። ሳገኛት፣ "ሲስተር፣ ፀሐዩ አይከብድሽም?" እላታለሁ።

"አየሩ ደስ ይለኛል" ትለኛለች።