በኮላ የተዘጋችው በር

የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ካዛንቺስ ውስጥ ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ ግቢ እንኖር ነበር። አምስት ቤቶች በአንድ የቆርቆሮ አጥር ተከበን አንድ የውኃ ቧንቧ እንጋራለን። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር፣ ግቢው ሲጨልም እኛ ልጆች የምንሮጠው ወደ እትዬ ወርቄ ቤት ነው። እትዬ ወርቄ ኩራዙን ግድግዳው ሥር ያስቀምጡና የከሰል ምድጃውን ወደ መሐል ስበው፣ ፍሙን እየቆሰቆሱ ተረት ይጀምራሉ። ጅቡ ሲመጣ ድምፃቸው ይወፍራል፤ ፍሙ አመድ ሲለብስ ቀስ ይላሉ፤ እፍ ሲሉት ደግሞ ፊታቸው ፍክት ይልና ተረቱም አብሮ የሚነቃ ይመስለን ነበር።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ የጎረቤታችን ልጅ ሂሩት ልታገባ ሆነ። ሂሩት ራሷ በዚያ ምድጃ ዙሪያ ያደገች ናት፤ ሥራ ከያዘች በኋላ እንኳ ማታ ስትገባ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች በሩን ተደግፋ ትሰማ ነበር። እኔና ጓደኛዬ ሰብለ በግቢው ስም የሚታጠፍ ካርድ ልንሠራላት ተስማማን። ከእሷ ተደብቀን ልንሠራ የምንችለው ደግሞ እትዬ ወርቄ ቤት ብቻ ነበር።

እትዬ ወርቄ ግን ሐዘን ላይ ነበሩ። አንድ ልጃቸው በክረምቱ ታሞ ስለሞተ ከል ለብሰዋል። የሂሩት እናት እንደ ወጉ ሰው ልከው፣ «ግቢው ውስጥ እልል ብንል ይከፋዎታል?» ብለው አስጠይቀዋቸው ነበር። «ለምን ይከፋኛል? እልል በሉ እንጂ!» ብለው ፈቀዱ።

ካርቶኑን ከአሮጌ ክላሴር ቆረጥን፤ ብልጭልጩን ከሲጋራ ፓኮ እያወጣን በጥፍራችን አስተካከልነው። ካርዱ ሲከፈት ግቢያችን ከእጥፋቱ ላይ ብድግ እንዲል ነበር ሐሳባችን። ሰብለ የአምስቱንም ቤቶች በር በምላጭ በሦስት ጎን ቀደደች፤ እያንዳንዱ በር ሲከፈት ከኋላው የቤተሰቡ ምኞት ይነበባል። የሌላውን ሁሉ ምኞት ቤት ለቤት ዞረን ሰበሰብን።

«እርስዎስ ምን ብለን እንጻፍልዎት?» አልኳቸው እትዬ ወርቄን።

«እኔማ በዚህ ልብሴ የሠርግ ነገር አልነካም። እናንተ ሥሩ፣ እኔ ላውራላችሁ።»

ይህንን ለእናቴ ስነግራት ጥቂት አሰበችና፣ «እንግዲያው የእሳቸውን በር ዝጊው» አለችኝ። «ሙሽራ ፊት ሐዘን አይቀርብም። ለእሳቸውም ቁስላቸውን መነካካት ነው።» እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ግቢው ውስጥ ሌላ ሰው ብጠይቅም ይህንኑ ይለኝ ነበር።

በማግስቱ ማታ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጬ፣ እሳቸው ተረት እየነገሩን፣ የተቀደደችውን በር መልሼ በኮላ ለጠፍኩና በአውራ ጣቴ ተጫንኳት። እትዬ ወርቄ ጎንበስ ብለው አዩኝ።

«አንቺ፣ የኔን በር በኮላ ልታሰምጪው ነው እንዴ?»

ሰብለ ሳቀች። እሳቸውም ሳቅ አሉና ተረቱን ካቆሙበት ቀጠሉ።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ሂሩት ቬሎዋን ለብሳ ሙሽራውን ስትጠብቅ ካርዱን ሰጠናት። በሮቹን አንድ በአንድ ከፈተች። የሰብለ አባት «ልጆች ውለዱ፤ ኳሱን ግን ከመስኮቴ አርቁልኝ!» ብለው ያስጻፉትን ስታነብ ኩሏ እስኪበላሽ ሳቀች። የመጨረሻዋን በር በቀለም በተቀባ ጥፍሯ ብትሞክር፣ ብትሞክር እምቢ አለቻት።

«ይቺ የእትዬ ወርቄ አይደለችም? ለምን አትከፈትም?»

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። «ሐዘን ላይ ስለሆኑ ነው የኔ ልጅ» አለች እናቴ። «ለእሳቸውም ለአንቺም ብለን ነው።»

«ለእልልታው አስፈቅዳችኋቸዋል። ይምጡ ያላቸው ሰው ግን አለ?»

ሂሩት ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ ወጣች። «ኧረ አቧራ ነው! ሙሽራው ደርሷል፣ ክላክሱ እየተሰማ ነው!» እያለች ሚዜዋ ከኋላዋ ሮጠች። እኛም ተከተልን።

ሂሩት አንኳኳች። እትዬ ወርቄ በሩን ገርበብ አድርገው ሲያዩዋት ደነገጡ። «ሂጂ ልጄ፣ ሂጂ! ዛሬ በዚህ ልብሴ አትዪኝ።»

«ሳይመርቁኝ አልሄድም። ሙሽራውም ከፈለገ እዚሁ መጥቶ ይጠብቅ።»

እትዬ ወርቄ ደፉን ሳይሻገሩ እጃቸውን ዘርግተው ራሷን ያዙና ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ የመኪናው ጩኸት ቃላቸውን ዋጠው። ሂሩት እጃቸውን ስማ ወጣች። እሳቸው ወደ ድንኳኑ አልመጡም። ሐዘናቸውም ያን ቀን አላበቃም፤ ከሉን ያወለቁት ከፋሲካ በኋላ ነው።

ግቢያችን ዛሬ የለም፤ እሳቸውም የሉም። እኔ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው። ባለፈው ጊዜ እህቴን ስድር፣ ባሏን በቅርቡ የቀበረችውን የፎቃችንን ጎረቤት ሳልጠራት ቀረሁ። እንዳይከብዳት ብዬ ነው፣ ማለቴ፣ ለራሴ ያልኩት እንደዚያ ነበር።

ከተረቶቹ ብዙዎቹን ረስቻለሁ፤ ጅቡ ምን እንደሆነ፣ ልጅቷ የት እንደደረሰች አላስታውስም። የቀረኝ ያ ማታ ነው፤ እኔ የካርዱን በር ስጫን ድምፃቸው ምንም ሳይንቀጠቀጥ ተረቱን መቀጠላቸው። ያኔ ምንም ያልተሰማቸው መስሎኝ ነበር።

ጎረቤቴም ማታ ደረጃው ላይ ስንገናኝ እንደ ድሮው ትስቅልኛለች፤ «ሠርጉ እንዴት ነበር? ሙሽሮቹ ደህና ናቸው?» ትለኛለች። «ደህና ናቸው» እላታለሁ። እሷ በሯን ከፍታ ትገባለች፤ እኔ ቁልፌን እንደያዝኩ እዚያው እቆማለሁ።