ከአደ ጫልቱ ላፕቶፕ የወጣው ጉድ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ... ቡራዩ ያለችውን ሱቄን ገና ከፍቼ አቧራ እየጠረግኩ ነው። ላፕቶፕና ስልክ ነው የምጠግነው። በሥራዬ የምፈራው ነገር የለም፤ ኮረንቲ ነዝሮኝ ያውቃል፣ ባትሪ እጄ ላይ አብጦ ያውቃል። በረሮ ግን... በስመአብ! በረሮ ካየሁ ያ ቀን ለእኔ አልቋል።

አንዲት እናት በፌስታል የተጠቀለለ ላፕቶፕ ታቅፈው ገቡ። በሌላ እጃቸው በኮባ ቅጠል የታሰረ ነገር ይዘዋል። «አካም ጅርታ፣ ኢንታላ ኮ! እንዴት ነሽ ልጄ?» አሉኝ። አደ ጫልቱ ይባላሉ፤ ከመናገሻ ተነስተው በሚኒባስ ነው የመጡት።

«ሲዲውን ዋጠብኝ» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «አልተፋም አለ። ነገ ደግሞ የልጄ ልጅ ክርስትና ነው።»

ሲዲው የልጃቸው ሠርግ ነው። ባለቤታቸው ሠርጉ ላይ ቆመው ሙሽሮቹን ሲመርቁ ተቀርጸዋል። አምና አረፉ... ድምፃቸው የቀረው እዚያ ሲዲ ላይ ብቻ ነው። አደ ጫልቱ የፈለጉት፣ ነገ እንግዳው በተሰበሰበበት ሕፃኗንም አያቷ እንዲመርቋት ነው።

«ሌላ ቤት ወስጄው ነበር፤ ሳይከፍተው ሞቷል ይጣሉት አለኝ።»

ንድድ አለኝ። ሳይከፍቱ «ሞቷል» የሚሉ ሰዎች በጣም ነው የሚያስጠሉኝ።

አበራሁት። ላፕቶፑ ይሠራል፤ ሲዲ ማጫወቻውን ግን ጭራሽ አያውቀውም። ብሎኗን ፈትቼ ማጫወቻውን ስስበው እምቢ አለ... ደግሜ ስስበው ሙልጭ ብሎ ወጣ። ጣቴ ተለቀለቀ። አሸተትኩት። ምነው ባላሸተትኩት!

ማጫወቻው ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ወግቼ ሲዲውን አወጣሁላቸው። ከዚያ ሱቅ ውስጥ ያለኝን ደህና ማጫወቻ ሰካሁ። እሱንም አላወቀውም። እንግዲያው ጥፋቱ የማጫወቻው አይደለም፤ ላፕቶፑ ውስጥ የሚሰካበት ሶኬት ነው። የታች ክዳኑን መክፈት ግድ ሆነ።

ከፈትኩት...

ወይኔ ልጅት! አንዱ በረሮ በጣቴ ላይ ሮጠ፣ ሌላው ወደ እጅጌዬ ገባ፣ ከኋላ ደግሞ ትናንሾቹ... ዘር ማንዘሩ በሙሉ ነው የወጣው። ወንበር ላይ ወጥቼ ጮህኩ። አደ ጫልቱ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ጠረጴዛዬን ቸብ ቸብ እያደረጉ «ይቺን ነው እንዴ የምትፈሪው? አይዞሽ!» ይሉኛል።

ወርጄ አየሁት። ሶኬቱ በቢጫ ቅባት ተሞልቷል። ቅባቱ ላይ አቧራ፣ የበረሮ ኩስ፣ የበረሮ እንቁላል፣ የተቆረጠ እግር...

«እማማ... ይሄ ምንድን ነው?»

«ቅቤ ነዋ!»

«የምን ቅቤ?»

«የሲዲው መሳቢያ እየጠበቀ አስቸገረኝ። የበር ማጠፊያ ሲጮህ ምን ይደረጋል? ቅቤ ይቀባል! ቀባሁት።» ፊቴን ሲያዩት ስለ ብክነቱ የተቆጣሁ መሰላቸው መሰለኝ፣ ቶሎ ብለው «ለጋውን እኮ አይደለም!» አሉኝ። «ለጋ ቅቤ ለማሽን አላባክንም። የከረመውን ነው።»

የከረመውን! ማሽኑ በሞቀ ቁጥር ቅቤው ቀልጦ ወርዶ ሶኬቱ ውስጥ ረግቷል። በረሮ ደግሞ ሙቀትና ቅቤ በአንድ ቤት አግኝቶ መቼ ይለቃል?

እውነቴን ነው፣ ዘግቼ ልመልስላቸው ነበር። ቀና ስል ሲዲውን በነጠላቸው ጫፍ ቀስ እያሉ ይጠርጋሉ። «ድምፁ ይሰማል አይደል?» አሉኝ።

ማስክ በማስክ ላይ ደረብኩ። ጓንት አደረግኩ። በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት። መሀል ላይ ውጪ ወጥቼ ተፋሁ፣ ተመልሼ ፈተግኩ። ሶኬቱ ሲጸዳ አንዷ የብረት እግሩ ዝጋ ከቦርዱ ተላቃለች፤ ቆርቆሮ አቅልጬ ሶልደር አደረግኳት። የራሴን ማጫወቻ ሰካሁ... አወቀው! የሳቸውን አጽድቼ መለስኩት፤ እሱንም አወቀው።

ሲዲው ዞረ። ስክሪኑ ላይ አንድ ረጅም ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል። «ውለዱ፣ ክበዱ! ከደጃችሁ ከብት፣ ከቤታችሁ ወተትና ቅቤ አይጥፋ!» አሉ። አደ ጫልቱ «አሜን» ብለው አለቀሱ። እኔም እንባዬ መጣ... በዚያ እጄ ግን ፊቴን መንካት አልደፈርኩም።

እንባቸውን ሲጨርሱ የኮባ ቅጠሉን ፈቱት። ለጋ ቅቤ! ሽታው ገና አፍንጫዬ ሲደርስ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ።

«እንኪ ቅመሺ፣ ላንቺ ብዬ ነው ያመጣሁት።»

«ጾም... ጾም ላይ ነኝ እማማ።»

«በበዓለ ሃምሳ?!»

ከፋሲካ በኋላ ረቡዕና ዓርብ እንኳን እንደማይጾም ሕፃን ያውቃል፤ እኔ ቅዳሜ ቀን ጾም አመጣሁ! ሌላ ውሸት እስክፈልግ ድረስ እሳቸው አልጠበቁኝም። «በይ፣ ካልበላሽ ለአናትሽ ይሁን» ብለው አንድ እፍኝ ቅቤ መሀል አናቴ ላይ ለጠፉልኝ። ትናንት የተተኮሰ ፀጉር ነው! «ገለቶሚ! ተመስገኚ! ውለጂ፣ ክበጂ!» እያሉ ያሹኛል። እየተመረቀ የሚጮህ ሰው አለ? ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ።

ወደ ቤት ስሄድ ታክሲ ውስጥ ቅቤው ቀልጦ በአንገቴ ወረደ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ አንዴ አየችኝና መስኮቱን እስከ ጥጉ ከፈተችው። አልፈረድኩባትም። እኔም ራሴን ብሸሽ ደስ ባለኝ።

እሑድ ከሰዓት አደ ጫልቱ ደወሉ። ድምፃቸው በደስታ ይንቀጠቀጣል። «እሱ ሲመርቅ እንግዳው በሙሉ ብድግ አለ። ሕፃኗ እንኳን ለቅሶዋን ተወች! ሁሉም አሜን አለ፣ ኢንታላ ኮ... አንቺም አሜን በይ።»

አሜን አልኩ... በአንድ እጄ ስልኩን፣ በአንድ እጄ ሻምፖውን ይዤ።