አጎንብሼ የዘፈንኩት የሰሊጥ ዘፈን

ሰሊጥ ስናጭድ፣ ጥላ ሥር የሚያንኮራፋውን አለቃችንን ለመተረብ ያወጣሁትን ዘፈን አንዱ በሞባይሉ ቀድቶት ኖሯል። እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ስንወርድ፣ ሱቅ ከፍቶ በየሞባይሉ ዘፈን የሚጭነው ያገራችን ሰው ለሠራተኛው ሁሉ በገንዘብ ሲጭነው ደረስን።

በዚያው ሰሞን መንግሥት ለዘፈኑ ባለቤት እንዲከፈል የሚያዘው የሙዚቃ መብት ሕግ እንዲጸድቅ እንደሚደግፍ ካገር ቤት ሬዲዮ ሰማን። ጓደኞቼም፣ «አንቺ ዝምተኛ፣ ሂጂና ዘፈኔ ነው በዪው እንጂ!» ብለው ገፋፍተው ላኩኝ።

«ያንቺ ከሆነማ ዝፈኚው» አለኝ ባለሱቁ።

እኔ ደግሞ የሰው ዓይን እያየሁ መዝፈን አይሆንልኝም፤ የምዘፍነው አጎንብሼ ሳጭድ ብቻ ነው። ስለዚህ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ አጎንብሼ፣ በባዶ እጄ እያጨድኩ እስከ መጨረሻው ዘፈንኩለት።

ቀና ስል ሞባይሉን ደግኖብኛል።

«ወላሂ ያንቺው ነው!» አለኝ። «ስምሽን እጽፍበታለሁ። የዛሬው ደግሞ ከበፊቱ ድምፁ ጠርቶ ወጥቷል፤ ሕጉ እስኪጸድቅ ይሄንን እጭናለሁ።»