ጣራ ላይ የበቀለችው ዛፍ

ታላክ በሞተ በዓመቱ፣ የሚስቱ የዩሩን ቤት ጣራ ላይ ሮግን የምትባል፣ ቀይ ፍሬ የምታፈራ ዛፍ በቀለች። ፍሬዋን ወፍ ጥሏት ይሆናል። በሴተስዳል ሸለቆ የቤቱ ጣራ ሁሉ ሣር ነው፤ የዛፍ ቡቃያ ከታየበት ሳይውል ሳያድር ይነቀላል። ሮግን ግን መሬት ሳትነካ ከበቀለች ቤት ትጠብቃለች ይባላል፤ ማንም በድፍረት አይነካትም። ዩሩንም ተወቻት። አምናበት እንኳ አይደለም። ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ሁሉን ነገር እንዲሁ ትታዋለች። ፍየሏን ታልባለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች፤ ሐዘኑ የት እንደገባ ግን አታውቅም። በቀብሩ ቀን እንባ እምቢ ቢላት ሰው አምቷታል። ሰው መቼ ከሐሜት ያርፋል።

ጣራውን የሠራው ታላክ ራሱ ነው። ውሃ የማያሳልፈውን የበርች ዛፍ ልጣጭ ደራርቦ አነጠፈ፤ በላዩ ሣሩን ከነአፈሩ በሁለት ረድፍ አለበሰው፣ የታችኛውን ሣሩን ወደ ታች ደፍቶ፣ የላይኛውን ወደ ላይ። ክብደቱ የግንዱን ግድግዳ አጥብቆ ይይዘዋል። በበረዶ ወራት ሙቀት አያስወጣም፣ ዝናብም ቢያወርደው ውስጥ ድምፁ አይሰማም። «እዚህ ቤት ውስጥ የምትጮኺው አንቺ ብቻ ነሽ» እያለ ይቀልድባት ነበር።

ዓመታት አልፈው ጣራው ማፍሰስ ጀመረ። የሚንጠባጠበውም አልጋው ላይ ነው፣ ያውም በታላክ በኩል። ዩሩን አልጋውን ፈቀቅ እንደማድረግ፣ ባሏ ይተኛበት በነበረው ቦታ ባልዲ አስቀምጣ አጠገቡ መተኛት ያዘች።

የታላክ ታናሽ ወንድም ስቬይኑንግ ሊጠይቃት መጥቶ ይህን አየ።

«እትዬ፣ ከባልዲ ጋር ነው እንዴ የምትተኚው?»

«ምን አለበት? አያንኮራፋም።»

«ያቺ ዛፍ ናት። ሥሯ ልጣጩን በስቶታል። ካልተነቀለች ግንዱ ይበሰብስና ቤቱ ላይሽ ላይ ይወርዳል።»

«ቤት ትጠብቃለች ይባል የለ?»

«ይኸው ጠበቀችልሻ! ቤትሽ ውስጥ ዓሣ ልታረቢ ትችያለሽ።»

«እንግዲያስ ንቀላት» አለች፤ እንጨት ፍለጥልኝ የምትል ነው የምትመስለው።

በማግስቱ አዲስ የበርች ልጣጭ ተሸክሞ መጣ። ሮግኗን ሲጎትታት ታላክ ያነጠፈውን ልጣጭ ሥሯ ላይ ጠምጥማ ወጣች። ዩሩን ከታች ሆና ዛፏን ተቀበለችው፣ ግድግዳው ሥር አስደግፋት ወተቷን ልታጣራ ገባች። ስቬይኑንግ አዲስ ልጣጭ አነጠፈ፣ ሣሩን ከነአፈሩ መለሰ፣ ወንድሙ ያደርግ እንደነበረው አንዱን ደፍቶ አንዱን አቅንቶ።

«ሣሩ ሲረዝም ለፍየልሽ አጭድልሻለሁ» ብሏት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። ዩሩን ደክሟት ጋደም አለች። ባልዲው ከአልጋው ወርዷል። እንደለመደችው ጠብታውን ጠበቀች፤ የለም። ጆሮዋን ሰጥታ ደግማ ጠበቀች። ከዚያ እጇን ወደ ጎኗ ሰደደች። ቦታው ደረቅ ነበር፣ ባዶም ነበር፤ ታላክ ከሞተ ወዲህ ያን ቦታ በእጇ ስትነካው የመጀመሪያዋ ነው።

«ታላክ» አለች።

ያን ሁሉ ዓመት የት እንደገባ ያላወቀችው ለቅሶ ያኔ ወጣ። ዝናቡ ከላይ ይወርዳል፣ አይሰማም። በዚያ ቤት ውስጥ የምትጮኸው እሷ ብቻ ነበረች።